ውሃውን ያስገባው ዴልማስ

ዴልማስ ሉፕተን በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ ያውም ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ፣ ቢዋሽ ኖሮ ዛሬም ጎረቤቴ ይሆን ነበር። አልዋሸም። ዝም እንዲል በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። «ሃርመን፣ ምን ትረግጠኛለህ?» አለኝ ጮክ ብሎ፣ በእንግዳው ፊት። እንዲህ ያለ ሰው ነው። እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ፤ እስከ ዛሬም ከእሱ የሚበልጥብኝ ወዳጅ የለኝም።

ቤቶቻችን ጎን ለጎን ነበሩ፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ወሽመጡ ሰጥተው። የእሱንም የእኔንም የሠሩት አባቱ ናቸው። ሽማግሌው ሙያቸው ጀልባ መሥራት ስለነበር ቤትም ሲሠሩ የሚያስቡት እንደ ጀልባ ነው፤ ጣውላና ጣውላ ያጋጠሙበት ቦታ ምላጭ አያስገባም። ጣጣውም እሱ ነው። እንዲህ የተገጠመ ቤት ይንሳፈፋል። ነፋሱ ወሽመጡን ገፍቶ ወደ መንደር ሲያወጣው ውሃው መጀመሪያ ከወለሉ ሥር ይሞላል፣ ከዚያ ቤቱን ከጡብ እግሮቹ ላይ አንስቶ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ የድሮዎቹ ሰዎች ወጥ ቤቱ ጥግ፣ ወለሉ ላይ፣ ቀዳዳ ያበጁና በጥድ እንጨት ውታፍ ይደፍኑታል። ውሃው ከሥር ደርሶ ጣውላውን ማንኳኳት ሲጀምር አባወራው ውታፉን ያወጣል። ውሃው ይገባል፣ ቤቱ ይከብዳል፣ ከቦታውም አይነቃነቅም። ምንጣፍና ወንበር ይበላሻል። ቤቱ ግን ይተርፋል።

በመንደራችን በፒጎት ሌንዲንግ ከማዕበል ማግስት ሰው ከሰው ሲገናኝ ሰላምታው «ውታፍህን አወጣህ?» ነው። ውታፉን ማውጣት የአባወራነት ማዕረግ ነው። ዴልማስ፣ አባቱ ጉልበታቸው ደክሞ «በል እንግዲህ አንተ አውጣው» ያሉትን ቀን የሚያወራው እንደ ሠርጉ ቀን ነው። ውታፉ ከወጣ በኋላ ውሃው ይዞት እንዳይሄድ ከበሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ያየ ሰው ሥራው መሠራቱን ያውቃል።

እኔ የእኔን ቀዳዳ በሴራሚክ ደፍኜው ነበር። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ወጥ ቤቴ ውስጥ ጉድጓድ አላይም» አለች። ከባንክ ተበድሬ ወለሉን ሙሉ ነጭ ሴራሚክ አነጠፍኩላት። ዴልማስ ሊጎበኝ መጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲው ዞር ዞር አለበት።

«ያምራል» አለ። «አንድ ቀን ካፒቴን ያደርግሃል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቤትህ ወደ ባሕር ሲወጣ መሪውን ማን ይይዝልሃል ብዬ ነው።»

የጎርፍ ኢንሹራንስ የነበረኝም በብልህነቴ አይደለም። ባንኩ ካልገባህ አላበድርህም ስላለኝ ነው። ዴልማስ ግን የማንም ዕዳ የለበትም፤ ማንም አያስገድደውም። እነሱ ቤት ኢንሹራንሱን ያመጣችው ሚስቱ ቫኒ ናት። ቫኒ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንድ ነገር ከያዘች የማትለቅ ሴት ነበረች። ልጅ አልወለዱም። ቤቷን ነው እንደ ልጅ የምትጠብቀው።

«ቀዳዳ እያለን ኢንሹራንስ ምን ያደርግልናል?» ይላታል ዴልማስ።

«ቀዳዳው ቤቱን ያቆምልሃል። የበሰበሰውን ወለል ማን ይመልስልሃል?»

«እኔ።»

«አንተ ጉልበትህን እያየኸው ነው?»

ዴልማስ ከዓሣ ማጥመዱ የሚያገኘው ለነዳጅና ለመረብ ስለሚያልቅ አረቦኑን የምትከፍለው ከራሷ ነው። ሸርጣን በሚፈለፈልበት ቤት ከሌሎች ሴቶች ጋር ቆማ ትውላለች። ተቀቅሎ የመጣውን በትንሽ ቢላዋ እየከፈተች ሥጋውን ታወጣለች፤ የሚከፈላት በሚዛን ነው። ቅርፊቱ ጣቶቿን ስለሚበላት ማታ ማታ ኮምጣጤ ውስጥ ትነክራቸዋለች። አረቦኑ በየዓመቱ ይጨምራል፣ እሷም በየዓመቱ የጥርስ ሐኪሙን ቀጠሮ ትሰርዛለች። በመጨረሻ በአንድ ወገን ብቻ ነበር የምታኝከው። ይህን እያወቅሁ ነው የሚያናድደኝ። ሰው ጥርሱን እየነቀለ የከፈለበት ነገር እንዴት ባዶ ይሆናል?

ማዕበሉ በመስከረም መጣ። ሌሎቹ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ሸሹ። ዴልማስ ውታፉን ትቶ የትም አይሄድም፣ ቫኒም ዴልማስን ትታ አትሄድም፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን ከማድር ብዬ እነሱ ጋ ሄድኩ። ጠዋት ውሃው መንገዱን አለፈ፣ የቫኒን ጎመን አለፈ፣ የደረጃውን ዝቅተኛ እርከን ሸፈነ። ዴልማስ ወጥ ቤቱ ጥግ ተንበርክኮ ጆሮውን ወለሉ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ቫኒን ከጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል አውጥቻት እኔ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ።

«ዴልማስ፣ ውታፉን አወጣኸው?» ትላለች ከላይ።

«ገና ነው።»

ትንሽ ቆይታ፣ «ዴልማስ፣ ውታፉን አወጣኸው?»

«ቫኒ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

ከዚያ ወለሉ አቃሰተ። ቤቱ ከእግሬ ሥር ቀለል እንደማለት ሲል ተሰማኝ፤ ጀልባ ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው አያውቀውም። ዴልማስ የውታፉን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ ሳበ። ውሃው እስከ ወገቡ ፈልቶ ወጣ። ውታፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለና እየተንጠባጠበ ወደ እኛ መጣ።

«አወጣሁት» አላት። ቫኒ እጁን ይዛ ተቀመጠች።

በትንሿ መስኮት የእኔን ቤት አየነው። መጀመሪያ አንዱ ጥጉ ብድግ አለ። ቀጥሎ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ቀስ ብሎ ዞረ። መጋረጃዎቹ እንኳ በቦታቸው ነበሩ። በአጥሬ ላይ አልፎ፣ የዴልማስን የበለስ ዛፍ ገጨት አድርጎ፣ ወደ ረግረጉ ወጣና እዚያ በጎኑ ተኝቶ ተሰነጠቀ።  በኋላ ዴልማስ ትከሻዬ ላይ እጁን አሳርፎ፣ «ካፒቴን፣ መርከብህ ሄደች» አለኝ። ሳቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ከሳቁ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ እሱም አየኝ።

ውሃው ሲመለስ ቫኒ መጥረጊያዋን ይዛ ወረደች። ውሃው ሳያልቅ ጭቃውን አብሮ መጥረግ ያስፈልጋል፣ ከደረቀ አይለቅም። ጉልበቷ ድረስ እየረጠበች ጭቃውን ወደ ቀዳዳው ጠረገችው። ቤቱ ከነመስኮቱ፣ ከነበሩ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወለሉ ግን አብጧል፤ የግድግዳው ውስጥ ረጥቧል። በሳምንቱ ሻጋታው ጥቁር ሆኖ ወጣ። እኛም መንግሥት ባቆመልን ተጎታች ቤቶች ውስጥ ገባን።

ኢንሹራንሱ የላከው የጉዳት ገማች ትሬቨር የሚባል ልጅ ነው፤ ከኦሃዮ የመጣ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ ጨዋ። የእኔን በአንድ አፍታ ጨረሰ። ባዶዎቹን የጡብ እግሮች ፎቶ አነሳ፣ ረግረጉ ላይ የተኛውን ፎቶ አነሳ፣ «በጣም አዝናለሁ፣ ይህ ሙሉ ኪሳራ ነው፤ ሙሉውን ይከፈልዎታል» አለኝ። ሴራሚኬን ሳይቀር ገመተልኝ። ከዚያ ወደ ዴልማስ ቤት አብሬው ሄድኩ። ቫኒ ከመንደሩ ሰው ምድጃ ለምና የበለስ ኬክ ጋግራ፣ ከውሃው የተረፈውን ጠረጴዛ በጨርቅ ሸፍና ጠበቀችን።

ልጁ ኬኩን በላ፣ አመሰገነ፣ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

«ሚስተር ሉፕተን፣ ውሃው ወደ ቤት የገባው በየት በኩል ነው?»

«በዚህ» አለ ዴልማስ ወደ ጥጉ እያመለከተ።

«ወለሉ ተሰብሮ ነው?»

«ወለሉማ አይሰበርም፣ አባቴ የሠራው ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

እግሩን የረገጥኩት ያኔ ነው።

«ምን ትረግጠኛለህ?»

«ገባ እንጂ አላስገባህም» አልኩት።

«አስገባሁት እንጂ። አንተ ራስህ ደረጃው ላይ ቆመህ እያየኸኝ?» ተነስቶ ውታፉን ከሚስማሩ አወረደና በልጁ እጅ ላይ አስቀመጠለት። «ያዘው፣ ልጄ። ቤቱን ያዳነው ይህ ነው። የሃርመንን አየህ አይደል? የእሱ በሴራሚክ የተደፈነ ነበር።»

ልጁ ውታፉን እያገላበጠ አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይህን ልመስክርለት። ስልኩን ደፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሚስተር ሉፕተን፣ እስቲ በደንብ ያስታውሱ። ይህን ከማውጣትዎ በፊት ውሃው በበሩ ሥር መግባት ጀምሮ ነበር፤ አይደል?»

ልጁ የማምለጫ በር ከፈተለት። ሰፊ በር።  ቫኒ የኬኩን ቢላዋ እንደያዘች ቆማ ባሏን ታየዋለች።

«በበሩ?» አለ ዴልማስ፣ እንደ ተሰደበ ሰው። «በበሩ ጠብታ አልገባም። በሩንም የሠራው አባቴ ነው።»

ልጁ ስልኩን መልሶ አነሳና ጻፈ። ቫኒ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ዴልማስ» አለች፣ «ለልጁ ኬክ ጨምርለት።»  ገብቷት ነበር፤ ከማናችንም በፊት የገባው ለእሷ ነው።

ከወር በኋላ የካሳ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ተባለ። ዴልማስን መኪናዬ ላይ ጭኜ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ይዤው ሄድኩ። የተቀበለችን ሴትዮ ከረሜላ ጋበዘችን፤ ዴልማስም አንዱን አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ ለቫኒ።

«ጎርፍ ማለት ውሃው በራሱ ሲገባ ነው፣ ጌታዬ» አለችው። «ባለቤቱ በገዛ እጁ ያስገባው ውሃ በውሉ አይሸፈንም። ከወለል በታች ለተጎዳው ግን እንከፍልዎታለን። የደጁ ደረጃና የውሃው ፓምፕ።»

«ደረጃውን መልሼ ቸነከርኩት እኮ።»

«እንግዲያው ፓምፑን።»

ዴልማስ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ ያዞራል። «ውታፉን ባላወጣው ኖሮስ?»

«ቤቱ ይሄድ ነበር ብለው ተናግረዋል።»

«አዎ፣ ይሄድ ነበር።»

«ቢሄድ ኖሮ ይከፈልዎት ነበር።»

«እኛ ሦስታችንም ውስጡ ነበርን።»

ሴትዮዋ ወረቀቶቿን አስተካከለች። «ይገባኛል፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ መተው ነበረብኝ ነው የምትይኝ?»

«እንደዚያ ብዬ ልመክርዎት አልችልም።»

እኔ ያን ጊዜ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ጥበቃው መጥቶ በሩን አሳየን። በመንገዱ ሁሉ እኔ ስሳደብ ዴልማስ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ለቫኒ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አለ። ለነገሩ ምንም መንገር አላስፈለገውም። መኪናው ሲቆም ተጎታቹ በር ላይ ቆማ ፊታችንን አየችና ገብታ ተኛች።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት የሄደ ነው። አውራጃው ውስጥ ሕግ አለ፤ ጉዳቱ ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ከበለጠ ቤቱ ከፍ ባለ መሠረት ላይ ካልተነሳ በቀር ጠግኖ መግባት አይቻልም። ለማንሳት ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ገንዘቡ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ነበር የሚመጣው። ዴልማስ ወለሉን ብቻውን ማንሳት ጀመረ። ጉልበቱ አልቻለም፤ እኔም ያው ነኝ። የብርዱን ወራት በተጎታቹ ውስጥ ሲያሳልፉ ቫኒ ነገር መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ድስት ጥዳ ትረሳለች፣ ቀጥሎ የሸርጣኑ ቤት ከማዕበሉ በኋላ እንደተዘጋ ትረሳና ቢላዋዋን ይዛ ትወጣለች። ሐኪሙ እርጅና ነው አለ። እኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

የእነ ዴልማስን መሬት ከመሀል አገር የመጡ ባልና ሚስት ገዙት፣ ለበጋ መዝናኛ። ቤቱን ለማፍረስ ማሽን ሲመጣ ዴልማስ እንዳያይ ብዬ ወደ ከተማ ወሰድኩት። ስንመለስ ገና አልጨረሱም ነበር። ሾፌሩ ወርዶ ላቡን እየጠረገ፣ «ይህን ቤት ማነው የሠራው? አልላቀቅ አለኝ» ብሎ ሲያማርር ዴልማስ ከመኪናው ሳይወርድ ሰማው። መስታወቱን ዘጋ።

አሁን የሚኖሩት በአውራጃው ከተማ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከባሕሩ ሩቅ ነው፣ ሊፍት አለው፣ ማሞቂያው ጥሩ ነው። ዴልማስ ከቤቱ ያወጣው ነገር ጥቂት ነው። ውታፉን ይዞ መጥቷል። ከበሩ አጠገብ ሚስማር መትቶ ሰቅሎታል፤ የሕንፃው ኃላፊ ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው ብላ ብትቆጣውም።

እኔ በካሳዬ አዲስ ቤት ሠራሁ፣ በዚያው ቦታ፣ ከፍ ባለ የብሎኬት ግድግዳ ላይ። አንድ እሑድ ዴልማስን አምጥቼ አስጎበኘሁት። ከታች ግድግዳው ላይ በየጎኑ የተተዉትን ክፍት ቦታዎች አይቶ ቆመ።

«ብሎኬት አልቆባችሁ ነው እንዴ? እነዚህ ምንድን ናቸው?»

ልነግረው አልፈለግሁም ነበር። «ቀዳዳ ናቸው» አልኩት።

«የምን ቀዳዳ?»

«ውሃ እንዲገባባቸው። አለበለዚያ ውሃው ግድግዳውን ይገፋዋል።»

«ማን ነው ያዘዘህ?»

«ሕጉ። ከሌለ አረቦኑ ይወደዳል። ስላለ ቀነሱልኝ።»

እስኪሳደብ ጠበቅሁ። እንዲሳደብ ፈልጌ ነበር፤ አብሬው ልሳደብ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ እጁን በአንዱ ውስጥ አስገባ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ሥራው ንጹሕ ነው» አለ። ወደ ማዶ፣ ወደ ድሮ ቤቱ ቦታ፣ አላየም። «በል መልሰኝ፣ ቫኒ ብቻዋን ናት።» አንድ ክፍል ባዶ እንዳለኝ፣ ሁለቱም መጥተው እኔ ጋ መኖር እንደሚችሉ ነገርኩት። «ደረጃህን አይተኸዋል?» አለኝ። «ቫኒ ይህን አትወጣም።» እውነቱን ነው። እኔን ከጎርፍ የሚያስመልጠኝ ደረጃ እሷን አያስገባትም።

ባለፈው ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ ነፋስ ነበር። የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ዴልማስ ጨው የገባ ዓሣና ድንች ቀቅሎ ሦስታችንም ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠናል። ቫኒ ሹካዋን አስቀመጠችና ጆሮዋን ወደ ወለሉ አዘነበለች።

«ዴልማስ፣ ውታፉን አወጣኸው?»

መጀመሪያ እንደገቡ እውነቱን ነበር የሚነግራት። ቤቱ ፈርሷል፣ ቫኒ፣ ይላታል። በነገራት ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ታለቅሳለች፣ ማታውኑ ትረሳዋለች፣ በማግስቱ እንደገና ትጠይቀዋለች።

«አወጣሁት» አላት። ወደ በሩ አመለከተ። «ያውልሽ፣ ተሰቅሏል።»

ዞራ አየችው። ትከሻዋ ዘና አለ። «ውሃው ገባ?»

«ገባ።»

«ቤቱስ?»

«ከቦታው አልተነቃነቀም።»

ድንቹን በደህናው ወገኗ ቀስ ብላ አኘከች። ከዚያ ደስ ብሏት፣ ባሏን ልታጽናና እጁን መታ መታ አደረገችው።

«ወለሉን አታስብ። ኢንሹራንሱ ይከፍለናል። አንድ ዓመት እንኳ አረቦኑን ሳልከፍል አላለፍኩም እኮ።»

ዴልማስ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ሁለት እግሮቼን ከወንበሬ ሥር ሰበሰብኩ።

«ይከፍሉናል፣ ቫኒ» አለ። «ልጁ መጥቶ አይቶታል። ሙሉውን ይከፍሉናል።»